የስለት ሳንቃ

እኛ ቤት ስለት የሚባል ነገር ሁለት ነበር። አንዱ አባቴ ለእመቤታችን የተሳሉት ነው፤ ሌላው ወንድሜ እንጨት እንዲቀርጽለት በእጁ ከሠራው ማሽን ጫፍ ያሰረው ብረት ነው። ሁለቱ አንድ ሳንቃ ላይ ተገናኝተው ተበላሹ። ሳንቃው የት ደረሰ ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ "መብራት ሄዶ ሳይጨረስ ቀረ" እላለሁ። ውሸቴን ነው። መብራቱ ያን ቀን ብቻ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሥራው እስኪያልቅ አልሄደም።

አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የግዕዝ መምህር ነበሩ። ከማስተማሩ ሲያርፉ እንጨት ይቀርጻሉ፤ መስቀል፣ አትሮንስ፣ መቋሚያ። እኛም ልጆቻቸው እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምንላቸው። ሲያስተምሩ አይጮኹም፣ አይሳደቡም። ተማሪ ሲሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ጧ፣ ጧ። ተመለስ ማለት ነው። ያ ምስኪን ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሳል። ልክ ከሆነ ደግሞ ዝም ነው። ጎበዝ፣ ይበል፣ ሸጋ ነው ማለት አያውቁም፤ የእሳቸው ምርቃት ዝምታቸው ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የስፌት ማሽኔን እየረገጥኩ፣ ማን እንዳጠና ማን እንዳላጠና በዚያ ድምፅ ብቻ አውቅ ነበር።

ወንድምአገኝ ታናሼ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ወሬው ጠፋ። ጎረቤቱ ፊታችን ላይ "ይመጣል" እያለ በሆዱ ሲያለቅስለት፣ የኔታ አንድ ጠዋት ከሰፈራችን ማርያም ደጅ ቆሙ። እኔም ከጀርባቸው ነበርኩ። "ልጄን መልሰሽ ካሳየሽኝ፣ ሰአሊ ለነ ቅድስት ብዬ በእጄ ቀርጬ ከዚህ በር በላይ አኖራለሁ" አሉ። ልጁ ተመለሰ። ከስቶ፣ አንደበቱ ታስሮ፣ በር በተላተመ ቁጥር ከመቀመጫው እየተነሳ፤ ግን ተመለሰ።

የኔታ አላመነቱም። ወደ ተወለዱበት ወደ ድብ ባሕር ሄዱ። እዚያ ያለው ደብር በሩን በብረት ሲለውጥ ከአሮጌው የዋንዛ በር የተረፈ አንድ ሳንቃ ነበርና፣ ለምነው፣ በጭነት ማኪና ላይ አስጭነው ይዘውት መጡ። ጀርባው በምስጥ ተበልቷል፤ ፊቱ ግን ጤነኛ ነው። በመላጊያ ልገው ልገው ፊቱን ባሳመሩት ሰሞን ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ቋንቋቸውም አብሮ ሄደ። ያን ሁሉ ግዕዝ የተሸከመ አፍ "እእ" ከማለት በቀር ምንም የማይወጣው ሆነ። ውኃ ሲፈልጉም እእ፣ ሲያማቸውም እእ። ሐኪሙ ደግሞ "ያለ ምክንያት ሊያለቅሱም ሊስቁም ይችላሉ፣ አትደንግጡ" ብሎን ነበር። ያን ቃሉን አምነን ተቀመጥን። ባላመንነው ኖሮ!

ሳንቃው ከአልጋቸው ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሱን ነው። አንድ ጊዜ አላስችለኝ ብሎ ነጠላ አለበስኩት፤ እስካነሳው ድረስ አላስቀመጡኝም። ስለት ሳይከፍሉ መሞት ለእኔና ለናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእሳቸው ግን ከሞቱ የባሰ ነበር። ዓይናቸው ላይ አየው ነበር። ወንድምአገኝም አየው። ስለቱ ለእሱ ራስ የተሳሉት መሆኑን ደግሞ ማንም ሊያስታውሰው አያስፈልግም።

"እቴ፣ እጃቸውን እሠራላቸዋለሁ" አለኝ አንድ ቀን።

"ምነው፣ ደግሞ ወጌሻ ሆንክ?"

"የብረት እጅ ነው የምልሽ። ሲኤንሲ ይባላል። ፊደሉን ከኮምፒውተር ተቀብሎ እንጨት ላይ ይቀርጻል።"

እውነቱን ልናገር፣ አእምሮው የተነካ መሰለኝ። ወንድሜ ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ፕሪንተር ይጠግናል። መጠገን ያቃተውን አይጥልም፤ ያርደዋል። ሆዱን ከፍቶ ሞተሩን፣ ጥርሱን፣ ችንጋ የሚለውን የጎማ ቀበቶ ያወጣል። ከሁሉ የሚወደው ዘንጎቹን ነው። ወረቀት ኮፒ ስታስደርጉ ከመስታወቱ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሄደው መብራት የሚንሸራተትበት ያ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ አይደል? እሱ። የማራኪ ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለፈበት ዘንግ እኛ ሳሎን ውስጥ ተከመረ።

ዘንግ ቀጥ ማለቱን የሚያውቅበት መላ ነበረው። የመስኮቴን መስታወት ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና ያንከባልልበት ጀመር። ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ከዘንጉ ሥር ብርሃን ካሾለከ ጎብጧል ማለት ነው፣ ይጥለዋል። እኔ በተከፈተው መስኮት ብርዱ እየገባብኝ ልብስ እሰፋለሁ። በዘንጉ ላይ የሚንሸራተቱትን ኩሽኔታዎች በናፍታ አጥቦ ደግሞ የእኔን የስፌት ማሽን ዘይት ያጠጣቸዋል። "ዘይቴን!" ስለው "ትንሽ ነው እቴ" ይላል። የማሽኑን እግር ከአሮጌ የብረት አልጋ፣ ወለሉን ከተሰበረ ጠረጴዛ ቺፕውድ ሠራለት። አንዱ ዘንግ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች። መሐል ላይ ስለት የታሰረባት የምትጮኽ ሞተር።

የመጀመሪያው ቀን ክብ ቅረጽ ቢለው እንቁላል ቀረጸ። ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ችንጋው ላልቶ ነው አለና አጠበቀው፤ አሁንም እንቁላል። ፈትቶ ገጠመው፤ ክቡ ክብ ሆነ፣ ቀጥ ያለው መስመር ግን ተንሻፈፈ። የሚይዘው ኩሽኔታ ያለቀለት ነው። ሌላ ፍለጋ ሄዶ ባዶ እጁን መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከረምን። በዚህ ላይ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ሞተሮቹን የሚያዝዘውን ካርድ አቃጠለው። ኢንተርኔት የለም፣ መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ሌላ ካርድ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ እስኪመጣ ድረስ ወንድሜ ከዚያ ከተሰናከለ ብረት ፊት ቁጭ ብሎ ይውላል። ምግብ ሳቀርብለት እጁን አያነሳም።

"ተወው በቃ" አልኩት። "እመቤታችን ታውቃለች።"

"እሷ ታውቃለች" አለ። "እሳቸውስ?"

የኔታ ያን ጊዜ መዋጥ እየተሳናቸው ነበር። አጥሚቱን በማንኪያ እሰጣቸዋለሁ፣ ግማሹ በጉንጫቸው ይወርዳል። ሳንቃውን ግን ያያሉ።

ካርዱ መጣ። ማሽኑ ተነሳ። ቺፕውድ ላይ ስሜን ጽፎ ሰጠኝ፤ የትነበርሽ። ጠርዙ የተፈተገ ይመስል ነበር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ እሰይ ወንድሜ ብዬ ግንባሩን ሳምኩት። ኅዳር ጽዮን እየደረሰ ነበርና ለበዓሉ ከበሩ በላይ ይሰቀላል ተባለ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል የድሮ የየኔታ ተማሪ ናቸው፤ ሲሰሙ እንባቸው መጣ።

ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈው እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። "ለቄሰ ገበዙ አታሳያቸውም?" አልኩት።

"ምነው እቴ፣ ሰአሊ ለነ ቅድስትን ለማወቅ ቄስ ልጠይቅ? ከማኅፀን ጀምሮ ስሰማው አይደል የኖርኩ?"

ከዚያ ጣቱ ቆም አለ። ሁለት ሰ አለ። አንዱ እሳቱ ሰ፣ በየሱቁ በየታፔላው የምናየው፤ አንዱ ንጉሡ ሠ፣ ባለ ሦስት እግሩ። "ለሰማይ ንግሥት የሳሙናውን ሰ ልጻፍላት?" አለና ንጉሡን መረጠ። ቀጥሎ ያለውንም ከተራው አ ይልቅ ክብ ያለውን ዐ አደረገው፤ ያምራል ብሎ። እኔም አየሁት። እውነትም ያምር ነበር። ለእመቤታችን ከፊደልም የከበረውን መስጠት ማን ይጠላል?

በቀረጽንበት ቀን ማሽኑን ከየኔታ አልጋ ፊት አቆምነው። ሳንቃውን አጋድሞ በብሎን አሰረው። እኔ የኔታን በትራስ ደግፌ ቀና አደረግኋቸው። መብራት ከቀትር በኋላ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ሥራው መሐል ከሄደ ማሽኑ የቆመበትን ይረሳል፣ ያን ጊዜ ሳንቃውን ተሰናበቱት በሉኝ። ስለዚህ ወንድሜ "አንዴ ከጀመረ ማቆም የለም" አለና አስነሳው።

ስለቱ እየጮኸ ገባ። የዋንዛው ሽታ ቤቱን ሞላው። ማሽኑ አንዱን ፊደል እየተመላለሰ፣ እየተመላለሰ ያጠልቀዋል፤ የንጉሡ ሠ አንደኛው እግር ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ።

ይኼኔ የኔታ ግራ እጃቸውን አነሡ። ከወደቁ ወዲህ ያንን ያህል ከፍ አድርገው አንሥተውት አያውቁም። የአልጋውን ብረት መቱት። ጧ፣ ጧ። "እእ!" አሉ። እንባቸው ወረደ። ደግመው መቱ። ጧ፣ ጧ።

"እቴ!" አለ ወንድሜ። "እቴ፣ ደስ አላቸው!"

እኔ ምን አደረግሁ? እልል አልኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ። ጎረቤታችን አበቡ ሰምታ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች፤ ነገሩን ስታይ እሷም አቀለጠችው። የኔታ ይመታሉ፣ እኛ እልል እንላለን። ከበሮ የሚመቱልን መሰለን። ወንድምአገኝ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። እንደ ልጅ ነበር የሚስቀው። ጣታቸው ቀልቶ ልጡ እስኪነሳ መቱ፤ እኔ ይበቃዎታል የኔታ ብዬ እጃቸውን ልይዝ ብል በዚያ በደከመ አቅማቸው ነጠቁኝ። ቅድስት የሚለው የመጨረሻው ት ሲያልቅ እጃቸው ወደቀ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደስታው አደከማቸው አልን።

ሳንቃውን በጋቢ ጠቅልለን፣ እኔ በአንዱ ጫፍ ወንድሜ በሌላው ይዘን፣ ወደ ደብሩ ሄድን። ቄሰ ገበዙ ከደጁ ጠበቁን። ጋቢውን ገለጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ ቆመ። መልሰው ሸፈኑት። ልክ ሬሳ እንደሚሸፈን፣ ቀስ ብለው።

"መሪጌታ አይተውታል?" አሉኝ።

"ከፊታቸው ነው የተቀረጸ አባታችን። ደስ ብሏቸው አልጋውን ሲመቱ ዋሉ።"

"እንዴት አድርገው መቱት?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ በሩን መታሁላቸው። ጧ፣ ጧ።

ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኚያ ትልቅ ሰው፣ ጥምጣማቸው ወደ ግንባራቸው ወርዶ፣ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ያዙ። ያን ድምፅ በልጅነታቸው ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆን። እኔም እጄ በሩ ላይ እንዳለ ነው የገባኝ። ያ ከግድግዳው ማዶ ስሰማው ያደግሁት፣ ከእናቴ ድምፅ አብልጬ የማውቀው! ተመለስ። ተመለስ። ተመለስ። እኔ ደግሞ እልል።

"በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲሆን ለምኚልን ነው" አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ ሲሆን ግን ሥዕል ሣዪልን ነው የሚለው። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ። መሪጌታ መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህን ነበር።"

እኔም ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ተማሪው ሲያንበለብለው ከግድግዳው ወዲህ ስሰማው ነው የኖርኩ። በጆሮ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ወንድሜ የሳንቃውን ጫፍ አልለቀቀም። "የመጀመሪያው ፊደል ላይ ባቆመው ይላግ ነበር" አለ። አሁን እንደ ጣት አንጓ ጠልቋል፤ እሱን ሊልግ የተነሳ ሰው የሚያገኘው የምስጡን ቤት ነው።

"እንሰቅለዋለን" አሉ ቄሰ ገበዙ። "እመቤታችን የምታየው ልብ ነው። ስንቱ ያነበዋል?"

"የኔታ ተመለስ ብለዋል" አለ ወንድምአገኝ።

ተሸክመነው ተመለስን። በመንገድ ላይ እኔ በውስጤ ስሳደብ ነበር፤ ሐኪሙን፣ ፊደሉን ሁለት አድርጎ የፈጠረውን፣ ያን የተረገመ ያልጠፋ መብራት፣ ጉሮሮዬን። ከሁሉ የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። አባቴ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አንድ ቀን ተናገሩ። ጥርት አድርገው፣ እኛ በደንብ በምናውቀው ቋንቋ ተናገሩ። እኛ በጩኸት ዋጥናቸው።

ቤት ስንደርስ የኔታ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ነው። ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ማስተካከሉ ውኃ ከመጠጣት ይቀላል፤ ሁለት ፊደል አጥፍቶ ሁለት ፊደል። ዋንዛ የለም፤ የሥራ ጠረጴዛዬን የቺፕውድ ክዳን ነቀለና ማሽኑ ላይ አሰረው። ጀምበር ልትጠልቅ ነበር፣ መብራቱም ነበረ።

"የኔታ" አላቸው፣ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ። "አሁን ገብቶኛል። እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ከተሳሳትኩ ይምቱ። ልክ ከሆነ ዝም ይበሉኝ።"

እኔ አጥሚት ላሞቅላቸው ወጣሁ። ከማዕድ ቤቱ ሆኜ ማሽኑ ሲጮኽ እሰማለሁ። ማማሰያውን ይዤ ጆሮዬን አቆምኩ። የመጀመሪያው ፊደል ሲወጣ ጠበቅሁ፤ ጧ የሚል የለም። ሁለተኛው፤ የለም። ለነ የሚለው አለቀ፤ የለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልቤ ቀለል ሲለው ተሰማኝ። ልጅ ሆኜ ማንም ሳያየኝ ለጎበዝ ተማሪ ደስ ይለኝ እንደነበረው ዓይነት ነው። ሳንቃው ሌላ ይገኛል፣ ድብ ባሕርም ባይሆን ከሌላ እንለምናለን፣ ዋናው ፊደሉን እሺ ይበሉት እንጂ አልኩ። ቅድስት ሲያልቅና ሞተሩ ሲቆም ሳህኑን ይዤ ሮጥኩ።

ወንድምአገኝ ቺፕውዱን በአባታችን ፊትና በግድግዳው መካከል አቁሞት ነበር። ሰአሊ ለነ ቅድስት። ፊቱ በእንጨት ዱቄት ነጭ ሆኗል፤ እንባው በመሐሉ መንገድ አውጥቶበታል።

"እቴ፣ አልመቱም" አለኝ። "አንዴም አልመቱም። ሰምተሻል አይደል?"

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ሳህኑን አስቀምጬ ከአልጋው ጠርዝ የተንጠለጠለውን ግራ እጃቸውን ላስገባ ያዝኩት። ከቀዘቀዘ ቆይቷል።